ለቀለም ያላደላው አሰልጣኝ

በረመዳን በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የዑለሞችን ታሪክ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የኳስ ሰው ላጫውታችሁ። ሞርሲቶ ላይ ከዐስር ሰላት በኋላ መግሪብ እስኪደርስ ኳስ እያንከባለሉ ሰዓት የሚገፉት ልጆቻችን የአውሮፓን ተጫዋቾች ስም ከነማሊያ ቁጥራቸው ይዘረዝራሉ። ይድነቃቸው ተሰማ ማን ናቸው ሲባሉ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም፤ እኛ አባቶች ስላልነገርናቸው ነው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። ጅማ ያኔ የሱልጣን አባ ጅፋር አገር ነበረች። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በጨዋታ ዐዋቂነት ስማቸው የገነነ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ቀዳሚ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ አንደበተ ርቱዕ ቢሆን አያስገርምም። የይድነቃቸው አንደበት በኋላ በዓለም ጉባኤዎች ላይ ከእግራቸው ባላነሰ ጠቅሟል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። ወራሪው በመኖሪያ ሰፈርና በመንገድ ላይ ያደረገውን በኳስ ሜዳም አደረገው፤ ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር እንዲጫወት ወሰነ። የአገሬው ቡድኖች የጣሊያን ስም ተሰጣቸው። ኢትዮጵያዊ ከጣሊያን ቡድን ጋር መጋጠም አይችልም ነበር፤ ቢሸነፍም ባይሸነፍም ጉዳዩ እሱ አልነበረም፤ እኩል ሆኖ መቆሙ ራሱ ነበር ያስፈራቸው። ወጣቱ ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ ያሳለፉት በዚህ ሕግ ሥር ነው። የኋላ ሥራቸውን ሁሉ ለመረዳት እነዚህን አምስት ዓመታት ማስታወስ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የአገሪቱን ስፖርት ለማደራጀት ከተነሡት ወጣቶች አንዱ እሳቸው ሆኑ። ቂም መያዝ ቢፈልጉ ጊዜው ያመች ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1944 በተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ከተሰለፉት አምስት ቡድኖች አንዱ ፎርቲቱዶ የተባለው የጣሊያኖች ቡድን ነበር። ሌሎቹ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ ናቸው። ትናንት አብሮ መጫወት የከለከለው ወገን ዛሬ በአንድ ደንብ ሥር እኩል ተሰለፈ። ይድነቃቸው ራሳቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል።

የካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ዛሬ ካፍ የምንለው፣ ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። በጠረጴዛው ዙሪያ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ነበሩ። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን እንድታመጣ ተጠየቀች። ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ አልልክም አለች። ሦስቱ አገሮች እንግዲያው አትጫወቺም ብለው አስወጧት። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት ተመድባ ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። ነገሩ ለጥቅም የተደረገ የሚመስለው ሰው ካለ ውጤቱን ይመልከት፦ በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነው።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ የቡድኑን ስም ዝርዝር ማንበብ ደስ ይላል። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፤ መሐል ሜዳ ላይ ዓወድ መሐመድ፣ በርሄ ጎይቶምና ተስፋዬ ገብረመድኅን፤ ከፊት ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁና ጌታቸው ወልዴ። ከእነሱም ጋር ሁለቱ ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ። የቫሳሎዎች አባት ጣሊያን፣ እናት ኤርትራዊት ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ነበር። በጣሊያን ዘመን በቆዳው ቀለም የተገፋው ሰው ያሰለጠነውን የኢትዮጵያ ቡድን የመራው የጣሊያን ስም ያለው ልጅ ሆነ። ሉቺያኖ የመሐል ሜዳ ባለሙያ ነበር፤ በኋላ እሱም ወደ አሰልጣኝነት ተሻግሯል።

ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። የፍጻሜው ዕለት ጥር 13 ነበር፤ በሂጅራ ሲቆጠር የ1381 ሻዕባን አጋማሽ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው። ግብፅ፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ወስዳለች። በ35ኛው ደቂቃ በበደዊ ጎል መራች። ግርማ በ74ኛው አቻ አደረገ። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በደዊ በቀጣዩ ደቂቃ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ሲቀር መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላት የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ይድነቃቸው ከሜዳው ይልቅ በስብሰባ አዳራሽ ታወቁ። ፊፋ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ አንዲት ቦታ ብቻ ሲመድብ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተከራከሩ፤ አፍሪካም በሙሉ ከውድድሩ ራሷን አገለለች። ካፍ በገንዘብ ተቀጣ። ነገር ግን በ1970 አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ያንን ቦታ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ሞሮኮ ሆነች። በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ሞቱበት ዕለት ለ15 ዓመታት መሩት። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1976 ያባረራት በእሳቸው የመሪነት ዘመን ነው።

በአንድ ነገር ከእሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው የአህጉሩን ኳስ ያደርቀዋል ብለው እስከ መጨረሻው አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። ካፍም ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን በውጭ የሚጫወቱ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ነበረው፤ በ1982 ተነሣ። ስጋታቸው እውነት ነበረው፤ የአገር ውስጥ ሜዳዎቻችን ምን እንደመሰሉ እናያለን። ሆኖም የድሃ ቤት ልጅ በእግሩ እናቱን መጦር ከቻለ መንገዱን መዝጋት ከባድ ነው። ሰውየው ይህን ክርክር ፈርተው አልሸሹም፤ ማንም ባያጨበጭብላቸውም ሐሳባቸውን በግልጽ ተናግረዋል።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ስትለወጥ አላዩም። እ.ኤ.አ. በ1996 ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ባንድ ላይ አሰልፋ፣ አምበሏ ነጩ ኒል ቶቪ ሆኖ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ጆሃንስበርግ ላይ በላች። ካርቱም ላይ የተጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ 39 ዓመት ፈጀባት።

ኢትዮጵያ ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው እዚያችው ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዋ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። በረኛዋ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአንድ ሰው ጎድላ፣ አዳነ ግርማ ባገባት ጎል 1 ለ 1 ተለያየች። ዕለቱ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር።