ኤሊዙር ራይት
ኤሊዙር ራይት (ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1804 – ኖቬምበር 22 ቀን 1885 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ፣ የባርነት ተቃዋሚና በአገሩ የሕይወት መድን አባት የሚባል ሰው ነበር። በኮነቲከት ተወልዶ በ1826 ከየል ኮሌጅ ተመረቀ፤ በኦሃዮም ሒሳብ አስተማረ። በ1833 ማስተማሩን ትቶ የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ጸሐፊ ሆነ። የላ ፎንቴንን ተረቶች ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመውም እሱ ነው።

በ1844 ለንደን ሳለ፣ ሮያል ኤክስቼንጅ በተባለው የንግድ አዳራሽ የሽማግሌዎች የሕይወት መድን ውል በሐራጅ ሲሸጥ አየ። ሻጮቹ ብዙ ዓመት አረቦን ከፍለው በመጨረሻ መቀጠል ያቃታቸው ነበሩ። የሚገዛው ሰው ቀሪውን አረቦን እየከፈለ፣ ሻጩ ሲሞት የመድኑን ገንዘብ ይወስዳል። ስለዚህ ሽማግሌው ደከም ያለና ቶሎ የሚሞት ከመሰለ ዋጋው ከፍ ይላል። ራይት ይህን ከባሪያ ጨረታ ለይቶ አላየውም።

ነገሩን የተረዳው በሒሳብ ነው። አረቦኑ በየዓመቱ እኩል ስለሆነ ሰው በወጣትነቱ ለሞት አደጋው ከሚያስፈልገው በላይ ይከፍላል፤ ትርፉም ለእርጅናው ይጠራቀማል። ይህ መጠባበቂያ በራይት እምነት የከፋዩ ንብረት ነበር። በጊዜው ግን አንድ ክፍያ ያለፈው ሰው፣ ታሞ ሥራ ቢያቆምም እንኳ፣ ሁሉንም ሊያጣ ይችል ነበር።

በ1858 ማሳቹሴትስ ኩባንያዎች በቂ መጠባበቂያ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ራይትም እስከ 1866 የግዛቱ የመድን ኮሚሽነር ሆኖ ሠራ። የ1861 ሕግ ደግሞ አረቦን ሲቋረጥ ከተጠራቀመው ዋጋ አራት አምስተኛው ውሉን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያቆየው አዘዘ። ጥሬ ገንዘቡን የመውሰድ መብት በ1880 ተጨመረ። የቁጥጥሩ ጥብቅነት ብዙ ኩባንያዎችን አስቀይሟል።

ዛሬ በሕይወት መድን ላይ የሚታከሉት የከባድ ሕመምና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ተጨማሪ ውሎች የመጡት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የራይት ሥራ አይደሉም፤ አሠራራቸውም ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ታማሚው በሕይወት ሳለ የሚወስደው ገንዘብ ለወራሾቹ ከሚከፈለው ላይ ይቀነሳል። ሆኖም የመድኑ ገንዘብ ከሞት በፊትም ለባለውሉ ሊጠቅም ይገባል የሚለው ሐሳብ በሕግ መልክ የያዘው በእሱ ዘመን ነው።

ራይት ለመድን ስሌት የሚያገለግል መሣሪያም ሠርቶ በ1869 የፈጠራ መብት አግኝቷል። በመጨረሻ ዘመኑ በሚኖርበት በሜድፎርድ አጠገብ ያለው የሚድልሴክስ ፌልስ ደን የሕዝብ እንዲሆን ታገለ። ደኑ የተጠበቀው እሱ ከሞተ በኋላ በ1894 ነው።