ራስ ደስታ ዳምጠው፡ የመርዝ ጋዝ የወረደበትን የደቡብ ጦር የመሩት አርበኛ

ከሞያሌ ድንበር በስተሰሜን የተዘረጋው የቦረና ምድር፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. በሲዳሞው ገዥ በራስ ደስታ ዳምጠው ሥር ነበር። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ በዓድዋ ሲወድቁ ደስታ ገና ልጅ ነበሩ። በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ፤ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ በልዩ መልእክተኛነት ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ።

ጦርነቱ ሲጀመር ሠራዊታቸውን ይዘው የገናሌ ዶሪያን ወንዝ ተከትለው ወደ ዶሎ ዘመቱ። የጄኔራል ግራዚያኒ አውሮፕላኖች በ1917ቱ የጄኔቫ ስምምነት የተከለከለውን የሰናፍጭ ጋዝ አወረዱባቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ የሠራዊቱን ቁስለኞች ያክም የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በቦምብ ተደበደበ።

ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባት መሰል ፈሳሽ ነው። ቆዳን ያቃጥላል፤ ሲተን ደግሞ ከትንፋሽ ጋር ይገባል። የከፋውም ጉዳት ከውጭ የማይታየው ነው። ሳንባ ራሱን የሚጠብቅበት መላ አለው፦ የአየር ቧንቧዎችን የሸፈኑ ረቂቅ ጸጉሮች ቆሻሻንና መርዝን ጠርገው ያስወጣሉ፤ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ከሥርዓት የወጡ ሕዋሳትን እያደኑ ያጠፋሉ፤ እያንዳንዱ ሕዋስም የተጎዳ ዘረመሉን ይጠግናል። የሰናፍጭ ጋዝ ጸጉሮቹን የተሸከመውን ሽፋን ይልጣል፣ መከላከያ ሕዋሳት የሚመረቱበትን የአጥንት መቅኔ ያዳክማል፣ ከዘረመል ጋር ተጣብቆም ጥገናውን ያዛባል። ዕጢ እንዳይበቅል የሚያግደው አጥር የሚፈርሰው እንዲህ ነው። በጃፓኗ ኦኩኖሺማ ደሴት ጋዙን ያመርቱ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ከዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር በዝቶ ታይቷል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ጋዙን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

የገናሌ ዘማቾችን ግን ሳላቸው ሲጠና የሚከታተል ሐኪም አልነበረም። በጥር ወር ሠራዊቱ ተፈታ፣ ነገሌም ተያዘች። ከተረፉት መካከል ድንበር ተሻግረው ኬንያ የገቡና በኢሲዮሎ መጠለያ የሰፈሩ ነበሩ።

ራስ ደስታ አልተሻገሩም። በሲዳሞ ተራሮች ከአንድ ዓመት በላይ ተዋጉ። በመጨረሻ ተማርከው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተገደሉ። በግራዚያኒ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቦምብ ከተጣለ ገና አምስት ቀኑ ነበር።

ዛሬ በመዲናዋ ጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ መርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ራስ ደስታ ከተገደሉ ከ59 ዓመታት በኋላ።