እቴጌ ምንትዋብና የጎንደር የወርቅ ሥራ

ከአቀስታ ተነሥቶ የለጋምቦን ደጋ በስተ ሰሜን አቋርጦ ወደ ተንታ የሚዘልቅ መንገደኛ ከመቅደላ አምባ ይደርሳል። መቅደላ በተነሣ ቁጥር ሁሉም የሚያስበው የአፄ ቴዎድሮስን ሞትና ሴባስቶፖልን ነው። በጋፋት ቀልጦ ከደብረ ታቦር እስከዚያ ድረስ የተጎተተው መድፍ የመሐንዲስን ዓይን መሳቡ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በዚያው አምባ ላይ ከመድፉ ይልቅ የረቀቀ እጅ የሠራቸው ሁለት ዕቃዎች ነበሩ፤ እነርሱም አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ናቸው። ከመቶ ሃያ ዓመት ገደማ አስቀድሞ በጎንደር የተሠሩት በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ትእዛዝ ነበር።

ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሲሆን፣ ምንትዋብ የተባሉት በመልካቸው ነው። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው ሲጓዙ ቋራ ላይ ታመው በአንድ ቤት እንዳረፉ፣ ያስታመመቻቸውንም የቤቱን ልጅ እንዳገቡ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ነገሩ ለተረት የቀረበ ነው፤ የሴትዮይቱን ብልኅነት ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ይመሰክራል። በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ወራሹ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እናቲቱም በዚያው ዓመት ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። በ1732 ዐመፀኞች የጎንደርን ግቢ ከበው ባስጨነቋቸው ጊዜ የቋራ ዘመዶቻቸው ጦር ደርሶ አዳናቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል የመንግሥቱ ምሰሶ ሆኑ።

ጸጥታው ሲሰፍን እቴጌይቱ ፊታቸውን ወደ ሥራ አዞሩ። ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ፣ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት አጠገብ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። በናርጋ ግድግዳ ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው የሚታዩት ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ግንበኛን፣ አናጢን፣ ሠዓሊንና አንጥረኛን በአንድ ቦታ መሰብሰቡ አይቀርም። ከግንበኞቹና ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። በማኅበረ ሰቡ ዘንድ ባለእጅ እየተባለ የሚናቀው፣ በቡዳነትም የሚታማው ሰው ያለ እርሱ ቤተ መቅደስ እንደማይቆም ማንም ያውቅ ነበር፤ ሆኖም የዘመኑ ዜና መዋዕል ከባለእጁ ይልቅ ለጦር አዝማቹ ሰፊ ቦታ ይሰጣል።

ጽዋው የተሰጠው ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የእናትና የልጅ ስም ተቀርጾበታል። ዘውዱ ባለ ሦስት እርከን ነው። ወርቁ ከብርና ከመዳብ ጋር የተደባለቀ ሲሆን፣ የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስል ተቀርጾበት፣ ቀዳዳ በበዛበት ጥልፍልፍና በብርጭቆ ዶቃ ተጊጧል። ጥሩ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ቅርጹን ጠብቆ አይቆይም፤ ብርና መዳብ የሚጨመርበትም ስለዚህ ነው። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። ጥሩ ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ድብልቁ ግን ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ስስ ቁራጮችን ለማያያዝ የሚያገለግለው የብየዳ ወርቅ ደግሞ ከድብልቁም ቀድሞ መቅለጥ አለበት። አንጥረኛው ሙቀት መለኪያ አልነበረውም። የነበረው ከሰል፣ ወናፍና የፍሙን ቀለም የሚለይ ዓይን ነው። ጥቂት ቢያልፍ የብዙ ሳምንት ሥራ ከፊቱ ፈስሶ ይቀራል።

በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በኢያሱ ዘመን ከሰምርኔስ ሸሽተው የመጡ ግሪኮች በቤተ መንግሥቱ በአንጥረኛነት ተቀጥረው እንደ ነበር ጽፏል። ይህን ይዞ የጎንደርን የወርቅ ሥራ በሙሉ ለባዕድ እጅ መስጠት ግን ሚዛን የሳተ ፍርድ ነው። የውጭ ባለሙያ ክርን መሳብና ማጠላለፍን አስተምሮ ሊሆን ይችላል፤ የምስሎቹ አሣሣልና የዕቃዎቹ አገልግሎት ግን የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእቴጌይቱ ብልኅነትም ሁለቱን ወገኖች በአንድ ከተማ ማሠራታቸው ነው።

ብሩስ በቁስቋም ሲያርፍ ምንትዋብ የሐዘን ሰው ነበሩ። ኢያሱ በ1755 ሞተዋል። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በነገሡበት ዘመን የቋራ ወገንና የኢዮአስ እናት የውቢት የኦሮሞ ዘመዶች ለሥልጣን ተፋጠጡ። ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ መካከል የሚገባ ሰው ጠፋ። ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ኢዮአስን አስገደሉ፤ ዘመነ መሳፍንትም ተጀመረ። ሚካኤል የምንትዋብን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡ አማች መሆናቸው ሐዘኑን ሳያከብደው አልቀረም። እቴጌይቱ በ1773 አርፈው በቁስቋም ተቀበሩ።

ዘውዱና ጽዋው ወደ መቅደላ የሄዱት በአፄ ቴዎድሮስ እጅ እንደ ሆነ ይታመናል። ንጉሡ በ1866 ጎንደርን በዘረፉ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንዋየ ቅድሳት ወደ አምባው አግዘዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በጄኔራል ናፒየር ጦር እጅ ሲወድቅ ንብረቱ ተዘረፈ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምዝ አንድ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ እንደ ገዛ ተመዝግቧል። የዋጋው ማነስ ሻጩ የያዘውን አለማወቁን ያሳያል፤ ገዢው ግን በደንብ ያውቅ ነበር። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን እነዚህ ዕቃዎች ከኢትዮጵያ በመወሰዳቸው ማዘናቸውን በምክር ቤት ፊት ተናገሩ፤ ዕቃዎቹ ግን አልተመለሱም።

የምንትዋብ ዘውድና ጽዋ ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ኢትዮጵያ በ2007 የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱላት በይፋ ጠይቃለች። በ2018 ሙዚየሙ ልዩ ትርኢት አዘጋጅቶ ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ፤ ለዘለቄታው መስጠትን እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የአገሪቱ የቅርስ ሕግ ያግዳል። የእቴጌይቱ አፅም ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው አፅም ጋር ቁስቋም ውስጥ ነው።