የመቅደላው ሕፃን፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች የአፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ጉዞ ከመጽሐፍ በፊት የሰማነው ከሽማግሌዎቻችን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፥ ጋይንትን አቋርጠው በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሄዱ። ከሠራዊቱ ጋር የወታደሩ ሚስቶችና ልጆች ይጓዙ ነበር። ስለ መድፉ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ልጆቹ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ በመቅደላ ከተገኙት ልጆች የአንዱን ሕይወት እናነሣለን። ጦርነት ከወላጁ የለየውን ልጅ የሚያስተምረው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በአገራችን ገና አላረጀም።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ቢገኙ፥ ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኰንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኰንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ከሁለቱ መኰንኖችም ስም ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በኋላም በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አሻሽለው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

ያስተማራቸው አገራቸውን የወጋው ጦር ሰው መሆኑን ልብ እንበል። በዚያው ሰሞን የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በእንግሊዝ መንግሥት ወጪ ተምሯል፤ ነገር ግን በኅዳር 1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ አገሩን ሳያይ በሊድስ ከተማ ሞተ። ለልጆቹ የተደረገው ቸርነት ቸርነት መሆኑን አንክድም። ሆኖም በሰው እጅ ያደገ ልጅ ቋንቋውንና ወገኑን እንደሚያጣ ሁለቱም ምስክሮች ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ ከዓድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛ ጠፍቷቸው በአስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ እንዳወቋቸው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ሲመላለሱ ቆይተው በመጨረሻ አገራቸው ገብተው ተቀመጡ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆች እንዲማሩም ደከሙ። በሰው ቸርነት የተማረው ሕፃን በተራው የሌላውን ልጅ አስተማረ ማለት ነው።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ሁለቱ ልጆቻቸው፥ ብንያምና ዮሴፍ፥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በጣልያኖች ተገደሉ። ልጅነታቸውን ጦርነት የቀማቸው ሰው በሽምግልናቸው ልጆቻቸውን ቀማቸው። እርሳቸውም ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአገራቸው ዐረፉ።

ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ነፋስ መውጫ ገባ። ያን ጊዜም ከዚያም ወዲህ አባቱን ያጣ ልጅ በየቀበሌው አለ። ይህን ልጅ የሚያስተምረው ማን ነው? የሩቅ አገር መኰንን እስኪመጣ እንጠብቅን?

አገራችን መልሱን ከጥንት ታውቀው ነበር። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ፥ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር የመጣ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም፥ የገበሬ ሚስት የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቅ ከእንጀራዋ ቆርሳ ትሰጠው ነበር። እኛም ብንሆን እዚህ የደረስነው በገበሬው ግብር ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በክረምት ወደየቀያችን ስንገባ ሁለት ነገር እናድርግ። በየቀበሌያችን በጦርነት አባቱን ያጣ ልጅ ትምህርት ቤት መግባቱን እንጠይቅ፤ ካልገባም እጁን ይዘን እናስመዝግበው። የገባውንም በዕረፍታችን ወራት ፊደልና ሒሳብ እናስጠናው። ሐኪም ወርቅነህ የተቀበሉትን መልሰው ሰጡ፤ የእኛ ተራ ደግሞ አሁን ነው።