የህንድን የሌብነት ሕግ ያረቀቀው እንግሊዛዊ

ሙምባይ ባቡር ላይ ስልካችሁን ሳታውቁ ከኪሳችሁ ላጥ ካደረጉት ስርቆት ነው። ቢላ አሳይተው ከቀሟችሁ ውንብድና ይሆናል። ቀሚዎቹ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ደግሞ የክሱ ስም «ዳኮይቲ» ይባላል፤ የቡድን ውንብድና እንደማለት ነው። ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። ከመካከላቸው አንዱ በዘረፋው ላይ ሰው ከገደለ ሁሉም ሞት ሊፈረድባቸው ይችላል፤ እኔ አልገደልኩም ማለት አያዋጣም።

የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጀው ሰውዬ ህንዳዊ አይደለም። ቶማስ ማካውሌይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1800 እንግሊዝ ተወለደ። አባቱ የባሪያ ንግድን ሲታገል የኖረ ነው። ልጁ ጸሐፊና የፓርላማ አባል ቢሆንም ገንዘብ አልነበረውም። በ1834 ወደ ህንድ የሄደውም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዓመት 10,000 ፓውንድ ደሞዝ ስለሚያገኝ ጭምር ነው።

እዚያ ሲደርስ የወንጀል ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያይ ነበር። አንድ ወጥ ሕግ እንዲያረቅ ኮሚሽን ተቋቋመ። ባልደረቦቹ ስለታመሙ አብዛኛውን ሥራ ራሱ ሠርቶ በ1837 ጨረሰ።

የሰውዬው ብልሃት ሕጉን በምሳሌ ማስረዳቱ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ ምግብ ይዞ የሌላ ሰው ውሻ እንዲከተለው ቢያደርግ፣ ሊወስደው አስቦ እስከሆነ ድረስ፣ ውሻው መከተል እንደጀመረ ስርቆቱ ተፈጽሟል። ቤት እስኪደርስ አይጠበቅም!

ረቂቁ ግን ከሃያ ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተኛ። ማካውሌይ በታኅሣሥ 1859 ሞተ። ሕጉ፣ ሌሎች አሻሽለውት፣ የጸደቀው በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ሳያየው ቀረ።

ህንዶች ዛሬም በበጎ ብቻ አያነሱትም። በ1835 የአገሩን ዕውቀት አናንቆ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሆን የተከራከረው እሱ ነውና። ቅኝ ገዢ ነበር፤ ይሄ አይካድም።

ሕጉ እስከ ሰኔ 2024 ድረስ ሠራ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ በአዲስ ሕግ ቢተካም የ«አምስት ሰው» መስፈርቱ እንዳለ ቀጥሏል። አዲስ የገባው ነገር ንጥቂያ ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑ ነው። አሁን ስልክ መንትፎ የሮጠ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል።