ሴዛር ሩ፦ ስሙ በጨጓራ ባይፓስ ቀዶ ጥገና የቀረው ሐኪም

ለከፍተኛ ውፍረት ቀዶ ጥገና ስለማድረግ ከሐኪምዎ ጋር እየተነጋገሩ ከሆነ፣ «ሩ-አን-ዋይ» የሚለውን ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። «ሩ» የአንድ የስዊዘርላንድ ሐኪም ስም ነው፤ «ዋይ» ደግሞ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ የላቲን ፊደል ናት። ሐኪሙ ከመቶ ዓመት በፊት የታገላቸው ሁለት ችግሮች ዛሬም የባይፓስ ዓይነቶችን የሚለያዩ ናቸው። ስለዚህ ታሪኩን ማወቅ ለእርስዎም ሆነ ለቤተሰብዎ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ያሳያል።

ሴዛር ሩ ማን ነበር?

ሴዛር ሩ እ.ኤ.አ. በ1857 በምዕራብ ስዊዘርላንድ፣ ሞን ላ ቪል በምትባል መንደር ተወለደ። ሕክምናን በበርን ከተማ የተማረ ሲሆን፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የቀዶ ጥገና ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ከዚያም ወደ ሎዛን ሄዶ በከተማዋ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍልን መራ፤ በ1890ም የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያን ጊዜ ወደ እሱ ይመጡ የነበሩት ሕመምተኞች ውፍረት ያስቸገራቸው አልነበሩም። ብዙዎቹ በካንሰር ወይም በቁስለት ጠባሳ ምክንያት የጨጓራቸው መውጫ የተዘጋባቸው፣ የበሉትን ሁሉ የሚያስታውኩና በረሃብ የሚመነምኑ ሰዎች ነበሩ። ከ1881 ጀምሮ ሐኪሞች የተዘጋውን መውጫ ትተው ጨጓራን በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት ጀምረው ነበር። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ላይ ከጉበት የሚመጣው ሐሞት በአዲሱ መጋጠሚያ በኩል ወደ ጨጓራ ይመለስ ስለነበር ትውከቱ አልቆመም።

የሩ መፍትሔ አንጀቱን መቁረጥ ነበር። የታችኛውን ጫፍ ከጨጓራ ጋር አገናኘው። ሐሞት የሚመጣበትን የላይኛውን ጫፍ ደግሞ ዝቅ ብሎ ከአንጀቱ ጎን ሰፋው። ቅርጹ እንደ ባላ እንጨት ነው፤ በአንዱ ቅርንጫፍ ምግብ፣ በሌላው ሐሞት ይወርድና ታች ይገናኛሉ። ሩ ዘዴውን በ1897 አሳተመው።

ይሁን እንጂ ሌላ ችግር መጣ። ሐሞት የጨጓራን አሲድ የማብረድ ባሕርይ አለው። ሐሞቱ ሲርቅ አሲዱ በመጋጠሚያው አጠገብ ያለውን አንጀት ማቁሰል ጀመረ። አሲድ የሚቀንሱ የዛሬ መድኃኒቶች በዚያ ዘመን ስላልነበሩ፣ ሩ ራሱ ይህን ቀዶ ጥገና ተወው። ይህ ግን ከሥራው አላቆመውም። የተጎዳን የምግብ ቧንቧ በአንጀት ክፍል ለመተካት ያደረገውን ሙከራ በ1907 ያሳተመ ሲሆን፣ በ1926 ደግሞ ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የሚነሳ፣ የደም ግፊትን የሚያንር እብጠት አውጥቶ ታካሚው ተርፏል። ሩ በ1934 ሎዛን ውስጥ አረፈ። የተወው ዘዴ ለውፍረት ሕክምና ሲውል አላየም።

ዘዴው ወደ ውፍረት ሕክምና እንዴት መጣ?

በ1966 አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን በአዮዋ ለውፍረት የመጀመሪያውን የጨጓራ ባይፓስ አደረገ። እሱ የተጠቀመው በአንድ መጋጠሚያ ብቻ ስለነበር የሐሞት መመለስ እንደገና ተከሰተ። በ1970ዎቹ ሌሎች ሐኪሞች የሩን ባለ ሁለት ቅርንጫፍ መንገድ መልሰው አመጡት።

ዛሬ የሚቀርቡልዎ ሁለት ዋና ዓይነቶች

1. ሩ-አን-ዋይ ባይፓስ፦ ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ወደ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ይዘጋጃል። ሁለት መጋጠሚያዎች አሉት። ሐሞት ከከረጢቷ ስለሚርቅ፣ ከባድ ቃር ላለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ጉዳቱ ሥራው ውስብስብ መሆኑ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን አንጀት በውስጥ ክፍተት ሾልኮ ሊታነቅ ይችላል።

2. ባለ አንድ መጋጠሚያ ባይፓስ (ሚኒ ባይፓስ)፦ ከረጢቱ ረዘም ያለና ጠባብ ነው። መጋጠሚያው አንድ ብቻ ስለሆነ ቀዶ ጥገናው ያጥራል። በ2019 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት 200 ሴንቲ ሜትር አንጀት የሚታለፍበትን ሚኒ ባይፓስ ከሩ-አን-ዋይ ጋር አወዳድሯል። ከ2 ዓመት በኋላ የቀነሰው ክብደት ተቀራራቢ ነበር፤ ነገር ግን ተቅማጥና የንጥረ ነገር እጥረት በሚኒ ባይፓስ ላይ በርከት ብሏል። ሐሞት ወደ ከረጢቱ የመመለስ ዕድሉም አለ።

ሩን ያሸነፈው ቁስለት በሁለቱም ዓይነቶች ሊመጣ ይችላል፤ እርስዎ ግን እሱ ያልነበረው መከላከያ አለዎት። አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት እንደታዘዘልዎ ይውሰዱ። ሲጋራ ያቁሙ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይውሰዱ። የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) ምርመራ ከቀዶ ጥገናው በፊት እንደሚያስፈልግዎም ይጠይቁ።

ሁለቱም ዓይነቶች የዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋሉ። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በታዘዘልዎ መጠን መውሰድና ደምዎን በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል። ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ለረጅም ጊዜ የሚጾሙ ከሆነ ፕሮቲንና ቢ12 የበለጠ ሊያንስዎት ስለሚችል፣ ይህን አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከመወሰንዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ

• ቃር ወይም የስኳር በሽታ ስላለብኝ የትኛው ይሻለኛል?
• ስንት ሴንቲ ሜትር አንጀት ይታለፋል? ለምን?
• ሐሞት ቢመለስ ምን ይደረጋል?
• እርስዎ አዘውትረው የሚሠሩት የትኛውን ዓይነት ነው?

ለቤተሰብ፦ ባይፓስ ያደረገ ሰው ድንገተኛ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ጥቁር ሰገራ ካየ፣ ቀዶ ጥገናው ዓመታት ቢያልፉትም ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የተደረገለትንም የባይፓስ ዓይነት በስም ተናገሩ።