የተደበቁት ሕፃናት ሐኪም፦ ፕሮፌሰር ዤሮም ለዠን



በየቁምስናችን እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገቡ ሕፃናት መኖራቸው የተሰወረ አይደለም። ፊታቸው ጠፍጠፍ፣ ሰውነታቸው ልል ያለው፣ ዘግይተው የሚናገሩት እነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ናቸው። እርግማን ነው እያለ እናቲቱን የሚያማ ጎረቤት ዛሬም አይታጣም። ስለዚህ የዚህን ሐሜት መሠረት ካፈረሱት ሊቃውንት የአንዱን፣ የፈረንሳዊውን ሐኪም የፕሮፌሰር ዤሮም ለዠንን ሕይወት በዚህ እትማችን ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ለዠን እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1926 በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሞንሩዥ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙ በ1952 ከፕሮፌሰር ሬሞን ቱርፓን ጋር መሥራት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ትዳር መሥርተው በኋላ የአምስት ልጆች አባት ሆነዋል። በዚያን ዘመን የእነዚህ ሕፃናት ሁኔታ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በሠለጠነው ዓለም እንኳ የወላጆች ነውር ወይም የተደበቀ በሽታ ውጤት ነው የሚሉ ነበሩ።

የሴል ማሳደግን ጥበብ በአሜሪካ የተማሩት ሐኪም ማርት ጎቲዬ በፓሪስ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። በጥር 1959 ለዠን፣ ጎቲዬና ቱርፓን በጋራ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፉት ክሮሞዞሞች በሌላው ሰው 46 ሲሆኑ በእነዚህ ልጆች ግን 47 መሆናቸውን ገለጹ። የጎቲዬ ድርሻ ለረጅም ዘመን ተዘንግቶ ቆይቶ በኋላ ዕውቅና ማግኘቱንም ስለ እውነት ልንጠቅስ ይገባል። ትርፉ ክሮሞዞም 21ኛው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፅንስ በፊት በአጋጣሚ ነው። እናት የበላችው ምግብ ወይም የሠራችው ኃጢአት አያመጣውም።

ለዠን በዝና ረክተው አልተቀመጡም። በፓሪሱ የኔኬር የሕፃናት ሆስፒታል በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ተቀብለው፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ አከሙ። ግኝቱ ሕፃናቱን ከመወለዳቸው በፊት ለማስወገድ መዋሉ ግን እጅግ አሳዘናቸው፤ በአደባባይ በመቃወማቸውም ብዙ ወዳጆችን አጡ። በየካቲት 1994 ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የጳጳሳዊው የሕይወት አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሟቸው፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 3 ቀን፣ በትንሣኤ በዓል፣ ዐረፉ። በ2021 ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስ የክርስትና ምግባራቸው በጀግንነት የተፈጸመ መሆኑን አጸደቁ።

መንሥኤው ከታወቀ ወዲህ፣ ሐሜት የሸፈናቸው ሕመሞች ተለይተው መታከም ጀምረዋል። ከእነርሱ አንዱ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ነው። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይህ ችግር አለባቸው። የጉሮሯቸው መተላለፊያ ጠባብ፣ ጡንቻቸውም ልል በመሆኑ ሲተኙ አየሩ ይዘጋል። ብዙ ወላጆች ማንኮራፋቱን የከባድ እንቅልፍ ምልክት ያደርጉታል። ይሁን እንጂ ትንፋሹ ለአፍታ ቆሞ በድንጋጤ የሚመለስ፣ ተቀምጦ ወይም አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ የሚተኛ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ቀን የሚያንቀላፋና የሚነጫነጭ ልጅ ምርመራ ያስፈልገዋል። የማያንኮራፋ ልጅም ችግሩ ሊኖረው ይችላል። ቸል ቢባል ትምህርቱንና እድገቱን ያደናቅፋል፤ ልብንም ይጎዳል፤ ግማሽ ያህሎቹም ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ጉድለት አለባቸው።

የእንቅልፍ መመርመሪያ መሣሪያ ባለባቸው በአንዳንድ አገሮች እያንዳንዱ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ከ3 እስከ 4 ዓመቱ እንዲመረመር ይመከራል። መሣሪያው በሌለበት የእናትና የአባት ዓይን ትልቅ መመርመሪያ ነው። ከቢጠናም ሆነ ከሌላ ገጠር የሚመጣ ወላጅ ልጁ ሲተኛ በስልክ ቀርጾ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ ያሳይ፤ ወደ ሶዶ ወይም ወደ ሌላ ትልቅ ሆስፒታል እንዲላክለትም ይጠይቅ። የመጀመሪያው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ያበጠውን ቶንሲልና ከአፍንጫ በስተኋላ ያለውን ሥጋ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ከዚያ በፊት ልቡና የአንገቱ አጥንት እንዲታዩ ማሳሰብ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሆስፒታል ማደር ያስፈልጋል። የማይድኑ ስላሉ ክትትሉ አይቋረጥ፤ ለእነርሱ በጭንብል አየር የሚገፋ መሣሪያ ይረዳል። የታይሮይድ ዕጢ ምርመራና ክብደትን መጠበቅም ይጠቅማሉ። በጎን ማስተኛት ለአንዳንዶች ቢያቀልም ሕክምናን አይተካም።

ውድ ካቴኪስቶች፣ ቤት ለቤት ስትጎበኙ ጓዳ ያለውን ልጅ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድርም እናቱን ጠይቋት። የፕሮፌሰር ለዠንን መታሰቢያ በተግባር የምናከብረው እንዲህ ስናደርግ ነው።